የቡና እንጨት መስቀል ለምን ይሰነጠቃል?

ከጣና ዳሯ ዘጌ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ከጓሯችን ከተጎነደለ የቡና ግንድ የእጅ መስቀል እጠርባለሁ። ባለፈው ወር 11 ሠራሁ። ስጨርሳቸው ደህና ነበሩ። ቶሎ እንዲደርቁ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት 8ቱ ከአናታቸው እስከ እጀታቸው ተሰነጠቁ። ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ሞላሁት፣ ተመልሶ ተከፈተ። ሐረግ፣ ያን የተጠላለፈ ጌጥ፣ ስቀርጽ ደግሞ ክንፎቹ እየተሰበሩ አስቸገሩኝ። ጥፋቱ የእንጨቱ ነው ወይስ የእጄ?»

የእጅህ አይደለም ወንድሜ። የእንጨቱም አይደለም። የቡና እንጨት ጠጣርና ደቃቅ ነው፤ ስለታም ቢላ ካገኘ ጥሩ ቅርጽ ይይዛል። ዘጌ ላይ ዛፍ እንደ ልብ እንደማይቆረጥ፣ በሬ ጠምዶ ማረስም እንደማይፈቀድ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ያን ጫካ ያቆየው ይኸው ሥርዓት ነው። ዋንዛና ወይራ ፍለጋ ሳትሄድ ከቡናው የወደቀውን አንሥተህ መሥራትህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

ችግሩ ያለው የግንዱ እምብርት ላይ ነው። ጫፉን እየው፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ለስላሳ ነጥብ አለች። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም በኩል እኩል አይኮማተርም። ግንዱን በሚዞረው አቅጣጫ የሚኮማተረው፣ ከመሀል ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ቀበቶው እየጠበበ ሆዱ ግን ያን ያህል አልቀነሰም እንደ ማለት ነው። እምብርቱ መስቀሉ ውስጥ ካለ፣ የሆነ ቦታ መፈንዳቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ደህና የነበሩትስ? እንጨት መኮማተር የሚጀምረው ውሃው ከደረቅ ክብደቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። አንተ ስትጠርባቸው ገና እርጥብ ነበሩ። ፀሐዩ ደግሞ ላዩን አድርቆ ውስጡን እርጥብ አስቀረው። ጫፍና ጫፉ ከጎኑ ይልቅ ቶሎ ውሃ ስለሚያጣ ስንጥቁ ከአናቱ ጀመረ።

ከእንግዲህ እንዲህ አድርግ። ግንዱ እርጥብ እንዳለ፣ በእምብርቱ መሀል አሳልፈህ በመጥረቢያ ለሁለት ፍለጠው። መጋዝ ባትጠቀም ይሻላል፤ መጥረቢያ የእንጨቱን ጭረት፣ ማለትም በቁመቱ የሚሄደውን ክሩን፣ ተከትሎ ይሄዳል፣ መጋዝ ግን አቋርጦት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በየግማሹ ላይ የቀረውን እምብርት ጠርበህ ጣለው። ግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከወፈረ ከየግማሹ አንድ አንድ መስቀል ይወጣል። ቅርጹን በሻካራው አውጣ፣ ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ተው። ሁለቱን ጫፎች የቀለጠ ሰም ውስጥ ንከር። የማር አገር ላይ ሆነህ ሰም አታጣም። ከራሱ ጥራቢ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። በየሳምንቱ ቅመም ሻጭ ዘንድ አስመዝነውና ግራሙን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፍ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልቀነሰ ደርቋል። ለ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እኔ ከ2 እስከ 3 ወር እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሚዛኑ ቢቆምም አትመነው። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ እንጨቱ የቻለውን ያህል ብቻ ደርቆ ይቆማል። በጋው ሲገባ እንደገና ይኮማተራል። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ነሐሴ ላይ 20 መስቀል ለአንድ ደንበኛ አስረከብኩ፣ ኅዳር ላይ 6ቱን ተሰንጥቀው መለሰልኝ። ገንዘቡን መልሼለታለሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በክረምት የደረቀውን ጥቅምት ሳይወጣ አልጨርሰውም።

ወደ ክንፎቹ ልምጣ። የእንጨቱ ጭረት ከአናት ወደ እጀታ ስለሚወርድ፣ ክንፎቹ ላይ አጭር ሆኖ ያቋርጣቸዋል። ቀጭን ክንፍ ትንሽ ሲነካ ቀንጠስ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን የተውከውን ትርፍ ገና ሳትነካ፣ የውስጥ ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ ክፈትና በቢላ አስፋ። የውጩን ቅርጽ መጨረሻ ላይ አውጣ። የውስጥ ማዕዘኖቹን ክብ አድርጋቸው፣ ስብራት የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነውና። ክንፎቹን ዙሪያውን የሚያያይዝ ሐረግ ብትጨምር እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። እኔ ሐረግ ያለውን መስቀል የምወደው ለውበቱ ብቻ አይደለም።

ሐረጉን ስትቀርጽ መጀመሪያ መስመሩን በቢላ ጫፍ ቁረጥ፣ ከዚያ ከጎን ገብተህ ጥራቢውን አንሣ። ቁራጩን ለማንሣት ቢላውን አትጠምዝዝ፣ ያልተቆረጠ ነገር በጉልበት አይነሣም። ኩርባ ላይ ሁልጊዜ ከጉብታው ወደ ጎድጓዳው ውረድ። ሽቅብ ከሄድክ እንጨቱ ይፈለጥብሃል። ስለቱን ደግሞ አውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ቀስ ብለህ አሳርፈው፤ ከተንሸራተተ ደንዟል። ስለው፣ ከዚያ አሮጌ ቀበቶ ላይ በጀርባው በኩል እየጎተትክ አለስልሰው።

የተሰነጠቁትን 8ቱን እንዳትጥል። ኮላው ያልያዘው እንጨቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ስለነበር ነው። አሁን ጥላ ውስጥ አኑራቸውና ደርቀው ይጨርሱ። ከዚያ ስንጥቁን ተከትለህ በመጋዝ ለያቸው። ከየግማሹ ደህናውን መርጠህ አንድ ወይም ሁለት የአንገት መስቀል ታወጣለህ።