ሁሉም የሚበላው ድስት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲከለከል ምን ይበሰላል? ጉዳዩ የእኔም ነው። ሥራዬ ስለ ምግብ መጻፍ ቢሆንም ባለቤቴ ስንዴ አይነካም፣ ታናሿ ልጄ ደግሞ የወተት አለርጂ አለባት። ስለዚህ የምመልሰው ከራሴ ወጥ ቤት ነው። የሕክምናውን ውሳኔ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱት።

ባለቤቴ ሲሊያክ አለበት ተባለ። ለእሱ ለብቻ፣ ለእኔና ለልጆቹ ለብቻ ማብሰል አድክሞኛል። ሁልጊዜ ሁለት ድስት መጣድ አለብኝ?

የለብዎትም። ድካሙ አንድ ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ሰው በገዛ ቤቱ ለብቻው በተቀመጠ ሳህን መብላቱ ነው። ሲሊያክ ማለት ግሉተን የተባለው የእህል ፕሮቲን ሲበላ የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ግሉተን ያለው ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ነው። ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ በተፈጥሯቸው የላቸውም። እስቲ ያለፈውን ሳምንት እራት ወረቀት ላይ ይጻፉት። ብዙው ምንም ሳይነካ እሱም የሚበላው ሆኖ ቢያገኙት አይገርመኝም፤ የቀረውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው መረቁን ለማወፈር የገባች አንድ ማንኪያ ዱቄት ናት። እሷን በበቆሎ ስታርች ይተኩ። የማወፈር ኃይሉ የስንዴ ዱቄትን እጥፍ ስለሚጠጋ ግማሹ ይበቃል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው መጨረሻ ላይ ይጨምሩት፤ ደረቁን ትኩስ ድስት ውስጥ ከጣሉት ይጓጉላል። ልዩ ዳቦና ልዩ ፓስታ ፍለጋ መሮጡ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ጥብቅ መሆን ያለብዎት ፍርፋሪ ላይ ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድን ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ለማለት የሚፈቅደው በኪሎ ግራም እስከ 20 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ቶስተር፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የእንጨት መክተፊያና የፓስታ ማጥለያ ለእሱ የተለየ ይኑረው። ዳቦ የነካ ቢላ ማርማላታው ውስጥ አይግባ። እሳት ግሉተንን አያጠፋውም፤ በዱቄት የተለወሰ ነገር የተጠበሰበት ዘይት ላይ የእሱን ድንች አይጥበሱ። ሶያ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለበት፣ ብቅል ደግሞ ከገብስ ነው፤ የታሸገ ነገር ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ።

እግረ መንገዴን ላንሳው፦ በሽታው ከስንዴ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳየው ዲከ የሚባል የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ጥናቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ሐኪሞች ሕፃናቱን የሚያክሙት ብዙ ሙዝ በማብላት ነበር። ልጆቹ ይሻላቸውም ነበር። ያሻላቸው ግን ሙዙ ሳይሆን ዳቦውን መተዋቸው ነው።

ዳቦ ስበላ ሆዴ ይነፋል። ሲሊያክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ከነገ ጀምሮ ስንዴ ላቆም ነው። በምን ዱቄት ልጋግር?

እባክሽ ገና አታቁሚ! መጀመሪያ ተመርመሪ። የደም ምርመራው የሚፈልገው በሽታው ካለ ሰውነትሽ በግሉተን ምክንያት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ስንዴ ካቆምሽ እሱ እየቀነሰ ይሄድና በሽታው እያለብሽ «የለም» ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ ለምርመራው ብለሽ እያመመሽ እንደገና ዳቦ መብላት ሊኖርብሽ ነው። ውጤቱን ስታውቂ ጻፊልኝ፣ ስለ ዱቄቱ ያን ጊዜ በሰፊው እንጫወታለን።

ልጄ የላም ወተት አለርጂ አለበት። ጎረቤቴ «ከላክቶስ ነፃ የሆነውን ስጪው፣ ካልሆነም የፍየል» አለችኝ። ትክክል ናት?

አይደለችም፤ ይህን ምክር በፍጹም እንዳይሞክሩት። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ላክቶስ የማይስማማው ሰው ስኳሩን የሚፈጭለት ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያንሰዋል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይሠቃያል፣ ግን ለሕይወቱ አያሰጋውም። አለርጂ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ነው። የሚቆጣው የሰውነት መከላከያ ነው፤ ትንፋሽ እስከማሳጠር ሊደርስ ይችላል። ከላክቶስ ነፃ በሚባለው ወተት ውስጥ የተሰባበረው ስኳሩ ብቻ ነው፣ ፕሮቲኑ እንዳለ አለ። የፍየሉም ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኞቹ ልጆች ላይ ያንኑ አለርጂ ይቀሰቅሳል። ማሸጊያ ላይ ኬዚን ወይም ዌይ የሚል ካዩ ወተት ማለት ነውና ይመልሱት።

ወደ ምጣዱ ስንመጣ ቅቤ ለመተካት አይከብድም። 100 ግራም ቅቤ ውስጥ ያለው ስብ 80 ግራም አካባቢ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ኬክ ላይ በ80 ግራም ዘይትና በአንድ ማንኪያ ውሃ ይሠራል። ቅቤና ስኳር አንድ ላይ ተመትቶ አየር የሚይዝበት ኬክ ከሆነ ግን ትንሽ ጠጠር ይላል፣ ከወዲሁ ይወቁት። ለሾርባ ክሬም የሚሰጠውን ልስላሴ ደግሞ የተቀቀለ ነጭ ቦሎቄ ፈጭተው ይጨምሩ። እኔ ቤት ከክሬሙ ይልቅ ይኸኛው ተወዷል፣ ወተት የሚጠጡትም ጭምር ይጠይቁኛል። ልጁ ሕፃን ከሆነ የካልሲየሙን ነገር ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይለፉ።

ለእንቁላል ምትኩ ምንድን ነው? አንዱ ተልባ ይላል፣ አንዱ ሙዝ፣ ሌላው የሽምብራ ውሃ። ግራ ገባኝ።

ሁሉም ልክ ናቸው፣ ግን ለተለያየ ሥራ። ቀድመህ የምትጠይቀው «እንቁላሉ እዚህ ምግብ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» ብለህ ነው። የተፈጨ ሥጋን ወይም አትክልትን አጣብቆ የሚይዝ ከነበረ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጠህ አሥር ደቂቃ ተወው፤ ይዝለገለግና ይይዝልሃል። ኬኩን የሚያርሰው ከነበረ የተፈጨ ሙዝ ይበቃል፣ ጣዕሙ ግን አይደበቅም። ተመትቶ አረፋ የሚሆን ከነበረ ደግሞ ሽምብራ የተቀቀለበትን ወፍራም ውሃ የሚያህል የለም፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያው አንድ እንቁላል ይተካል፣ እንደ እንቁላል ነጭም ተመትቶ ይነሳል። ይህ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ለሚገባበት ምግብ ነው። አራት እንቁላል የሚል ኬክ ላይ አትድከም፣ ሌላ ኬክ ምረጥ።

ይህ ጥያቄ ለእንቁላል ብቻ አይደለም። ወተትም፣ ዱቄትም፣ ጨውም ሲከለከል እኔ የምጀምረው ከዚሁ ነው።

ለሆድ ሕመሜ ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንት ቀይና ነጭ ሽንኩርት ተዪ አለኝ። ያለ ሽንኩርት ምን ምግብ አለ?

ይሄ ከሁሉም ክልከላ ከባዱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሽንኩርት የማይገባበት ድስት ጥቂት ነው። ደግነቱ መውጫ አለው። ሆድሽን የሚነፋው ፍሩክታን የሚባል ነገር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታና ጣዕም ደግሞ ዘይት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን ሳትከትፊ ዘይት ላይ በዝግታ አሙቂው፣ መዓዛው ሲወጣ ሙሉ በሙሉ አውጪውና ከዚያ በኋላ ሌላውን ጨምሪ። ውሃ ወይም ቲማቲም ከገባ በኋላ ማውጣት ዋጋ የለውም፣ ፍሩክታኑ መረቁ ውስጥ ገብቷል። የቅጠል ሽንኩርት አረንጓዴው ክፍልም ይፈቀድልሻል። ዘይቱን ግን ለዚያው ቀን ብቻ አዘጋጂ። ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ዘይት ከፍሪጅ ውጭ ሲቆይ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል።

አባቴ ደም ግፊት አለበት። ጨው ከቀነስኩበት ወዲህ ምግቡን ገፍቶ ይነሳል። ምን ላድርግ?

አባትዎን እረዳቸዋለሁ። ጨው ለጨዋማነት ብቻ አይደለም የሚገባው፣ የሌላውን ጣዕም ያወጣል፣ ምሬትንም ይሸፍናል። ጨውን ብቻ አውጥተው በቦታው ምንም ካላስገቡ ምግቡ ባዶ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ብዙው ጨው ግን የሚመጣው ከእርስዎ እጅ ላይሆን ይችላል። ዳቦው፣ አይቡ፣ የታሸገው ሥጋ፣ መረቅ ማጣፈጫ ኩቡ ሁሉ ጨው አለባቸው። መጀመሪያ እነዚያን ይቀንሱና ድስቱ ላይ ለምታርፈው ቁንጥጫ ቦታ ይተርፋታል። የታሸገ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ ከሆነ ውሃውን ደፍተው ያለቅልቁት።

ከዚያ ጣዕሙን በሌላ መንገድ ይገንቡት። ሽንኩርቱ ቀይ እስኪሆን ይብሰል፣ ሥጋው ከመረቁ በፊት ይጠበስ፣ የቲማቲም ድልህ ዘይት ላይ ይቁላላ፣ እንጉዳይ ይግባበት። ከእሳት ሲያወርዱት ሎሚ ይጭመቁበት ወይም ጥቂት ኮምጣጤ ጣል ያድርጉ። ጨውነቱን ምላስ ላይ ከፍ የሚያደርግ እንደ ኮምጣጣ ነገር የለም። የተፈቀደችውን ጨው ሲበስል ከማሟሟት መጨረሻ ላይ ከላይ ይነስንሷት፣ ምላስ ቀድሞ የሚያገኛት እሷን ነው። በአንድ ቀንም አይቁረጡባቸው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲቀነስ ምላስ ይለምዳል። «ጨው ተኪ» የሚባለውን ግን ያለ ሐኪም አይግዙ፣ አብዛኛው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ የኩላሊት ችግር ላለበትና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው።

የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባት ጓደኛዬ እራት ልትመጣ ነው። እሷን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ።

መፍራትሽ ጥሩ ነው፣ ትጠነቀቂያለሽ። አስቀድመሽ ደውይላትና ከኦቾሎኒ ሌላ የማትበላው ካለ፣ መድኃኒቷንም ይዛ እንደምትመጣ ጠይቂያት። በዚያ ቀን ኦቾሎኒ ጨርሶ ወጥ ቤት አይግባ። የገዛሻቸውን ነገሮች ማሸጊያ እስክትሄድ አትጣይ፣ ራሷ ማንበብ ትፈልግ ይሆናል፤ ብትጠይቅሽም ቅር አይበልሽ። እጅሽን በሳሙናና በውሃ ታጠቢ፣ የእጅ ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒ ፕሮቲን አያነሳም። ሲቀርብ ደግሞ መጀመሪያ እሷ ታንሳ፣ የሌላው ሰው ማንኪያ ከሳህን ሳህን መዞር ሳይጀምር።