«ጉባኤ ሲኖር ብቻ ነው የምትደውለው»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ባሕር ዳር ነው የምሠራው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አይሄዱም። ጉባኤ በኖረ ቁጥር እጋብዛቸዋለሁ። አሁን አሁን ሐይቅ ዳር ሲወጡ እኔን መጥራት ትተዋል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞቼ ደግሞ «ከእነሱ ጋር ምን አለህ?» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ራሴን አየሁት። ወጣት ሳለሁ አንድ ጎረቤት ነበረኝ። የምደውልለት ለጉባኤ ልጠራው ብቻ ነበር። አንድ ቀን «አንተ እኮ ጉባኤ ሲኖር ብቻ ነው የምትደውለው፤ እናቴ ስትታመም የት ነበርክ?» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ሰው መረብ ይዘህ ስትጠጋው ያውቃል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሰው አጥማጆች እንዳላቸው አልዘነጋሁም፤ ጣና ዳር ሆኖ ይህን የሚረሳ የለም። ግን እርሱ ራሱ ሰውን እንዴት እንደቀረበ እስቲ ተመልከት። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር። እርሱ መንገድ አድክሞት ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠና ሳምራዊቷን «ውኃ አጠጪኝ» አላት። ለመናት! ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ዘኬዎስንም ከዛፉ ሲያወርደው ቤትህ እውላለሁ ነው ያለው። እንግዳው ሆነ። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ሰጪ ካልሆንን ደስ አይለንም። የሰው ውለታ መቀበል ያሳፍረናል።

ስለዚህ ጉባኤውን ለጊዜው ተወውና የሚያስፈልግህን ጠይቃቸው። ቤት ስትቀይር ዕቃ እንዲያግዙህ ጥራ። ከአንተ የተሻለ ሥራ የሚያውቅ ካለ ያስተምርህ። ሐዘን ሲደርስባቸው ደግሞ ሰልስት አትጠብቅ፤ በመጀመሪያው ቀን ሄደህ ድንኳን ትከል።

«ረቡዕ ቢጠሩኝስ?» ትል ይሆናል። ሂድ። እነሱ ዓሣ ጥብስ ሲያዙ አንተ ሽሮህን እዘዝ። ፊትህን አታኮሳትር፣ ስብከትም አትጀምር። ከጠየቁህ «ጾም ነኝ» በል፣ በቃ። እንዳይስቁብህ ብለህ ጾምህን መደበቅ ግን አይሆንም። ማን እንደሆንክ የማያውቅ ሰው ምን ዓይነት ጓደኛ ይሆንሃል?

የወንድሞችህ ስጋትም ከንቱ አይደለም። «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» ተብሏል (1ኛ ቆሮ. 15፥33)። ግን ይህን የጻፈው ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ከዚህ ዓለም ኃጢአተኞች ጨርሶ አትገናኙ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያ ቢሆንማ ከዓለም መውጣት ነበረባችሁ ይላል። ምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ የማያምን ሰው ጠርቷችሁ መሄድ ብትወዱ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል። ከዓለም ለመውጣትማ የጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በጀልባ ይደረሳል። የከበረ ጥሪ ነው። የአንተ ግን አይመስለኝም፤ ነገ ቢሮ ትገባለህ።

ከእነሱ ጋር ውለህ ቅዳሴ ማስታጎል፣ መስከር ወይም ሰው ማማት ከጀመርክ ግን ቆም በል። ለንስሐ አባትህም ንገር። ያለዚያ አትፍራ።

ነገ «ቅዳሜ የት ናችሁ? እኔም ልምጣ» በላቸው። ስለ ጉባኤ አታንሣ። እኔ ለዚያ ጎረቤቴ ይህችን ቃል ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።