ግላኮማ የወሰደውን ብርሃን ኤሌክትሪክ ይመልሳል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ግላኮማ አለብህ ተብዬ በቀን ሁለቴ የሚደረግ ጠብታ ታዘዘልኝ። በግራ ዓይኔ ከጎን ያለው ነገር አይታየኝም። ጀርመን ያለች እህቴ የጠፋ ብርሃን በኤሌክትሪክ የሚመልሱ ሐኪሞች አሉ አለችኝ። ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ጠብታው ለውጥ ስላላመጣልኝ፣ ዓይኔም ስለማያመኝ ካቆምኩት አራት ወር ሆነኝ። ልሂድ ወይ?

መልስ፦ የፈሩት ገብቶኛል። «ጨርሼ ልታወር ነው ወይ?» ነው ነገሩ። ግላኮማ በአብዛኛው የዓይን ውስጥ ግፊት የዓይንን ነርቭ የሚጎዳበት በሽታ ነው፤ ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይታወርም። በጊዜ ታውቆለት ሕክምናውን የሚከታተል አብዛኛው ሰው ብርሃኑን ሳያጣ ይኖራል። እዚህ ላይ ይረጋጉ።

እህትዎ የነገረችዎ ሕክምናም ወሬ አይደለም። በዓይን ዙሪያ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ይላካል። ቀዶ ሕክምና የለውም። ሐሳቡ ተጎድተው ገና ያልሞቱትን የዓይን ነርቭ ክሮችና አንጎልን ማነቃቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን ውስጥ የዓይን ነርቫቸው የተጎዳ 82 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ሕክምናውን ለ10 ቀን ያገኙት የሚያዩት ስፋት በመጠኑ ጨምሯል። ግን ግላኮማ የነበረባቸው ከፊሎቹ ብቻ ናቸው፤ ጥናቱም ትንሽ ነው። የሞተ ነርቭ አይነሳም። የዓይን ግፊት ቀንሶ ጠብታን የሚተካ ሕክምናም አይደለም። ለዚህ ብለው ጥሪትዎን አይጨርሱ።

አራቱ ወር ግን አስቆጥቶኛል። «አላመመኝም» እያለ ብርሃኑን ያጣው ሰው ብዙ ነው! የተለመደው ግላኮማ አያምም። ዓይን አያቀላም፣ አያስለቅስም። ነርቩን ቀስ እያለ ይበላል፤ የሚጠፋውም በአብዛኛው ከዳር ነው። ፊት ለፊት ያለው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ሰውየው ያነባል፣ ብር ይቆጥራል፣ ደህና ነኝ ይላል። የአንዱን ዓይን ጉድለት ሌላው ይሸፍንለታል። ከጎን የመጣ ባጃጅ ድንገት ሲያስደነግጠው፣ ደረጃ ሲስት፣ ያኔ ብዙው ነርቭ ሄዷል። የሄደው አይመለስም። ስለዚህ ሕመም አለመኖሩን ምልክት አያድርጉት። የዓይን ግፊት የሚታወቀው በመሣሪያ ሲለካ ብቻ ነው። ጠብታው ለውጥ አላመጣም ያሉትም ሥራውን ስላልነገሩዎት ይመስለኛል። ሥራው የዓይን ግፊት ቀንሶ የቀረዎትን ብርሃን መጠበቅ ነው።

በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ማቋረጥዎን አይደብቁ። በራስዎ ገምተው ሌላ ጠብታ እንዳይገዙ፣ ከጎረቤትም እንዳይዋሱ። ቲሞሎል የሚባለው ለምሳሌ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ገበያ የሚሸጠውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የማሳጅ ማሽንም አደራ፣ ዓይንዎ አጠገብ እንዳያስጠጉት።

የድሬ ሙቀትም አለ። ላታኖፕሮስት የሚባለው ጠብታ ከታዘዘልዎ ሳይከፈት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም።

በሽታው በዘር ይሄዳልና ወንድም፣ እህትና ልጆችዎም ይመርመሩ። ጠብታው ካቃጠለዎት ወይም ዋጋው ከከበደዎት ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። ሌላ ጠብታ ሊቀይርልዎ ይችላል፤ ሌዘርም፣ ቀዶ ሕክምናም አለ።