ቶም ኒል የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ዲቱር» የተባለውን የ1945 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊልም አይቼ መሪ ተዋናዩን ቶም ኒልን ወደድኩት። ከዚያ በኋላ ለምን ጠፋ? ያገኘሁት ቅጂም ደብዛዛ ነው፤ የተሻለ አለ?

መልስ፦ ሥራውን ያበላሸው ጡጫው ነው። በ1951 በተዋናይት ባርባራ ፔይተን ሰበብ ተጣልቶ ተዋናዩን ፍራንቾት ቶንን ደበደበው። ኒል ቦክሰኛ ነበርና ቶን ጉንጩና አፍንጫው ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ፔይተን በዚያው ወር ቶንን አገባች፤ ትዳሩ ግን ዓመት እንኳ አልሞላም። ሆሊውድ በኒል ላይ በሩን ዘጋ፤ እሱም ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለችው ፓልም ስፕሪንግስ ከተማ ወርዶ በአትክልተኝነት መተዳደር ያዘ።

የባሰው በ1965 መጣ። ባለቤቱ እቤታቸው ውስጥ ጭንቅላቷን በጥይት ተመትታ ሞተች። ዐቃቤ ሕግ ሆን ብሎ ገደላት ቢልም ኒል ሽጉጡ በትግል መሃል ባረቀ ሲል ተከራከረ፤ ችሎቱም ሳያስብ በመግደል ብቻ ጥፋተኛ አለው። በፊልሙ ውስጥም «ሳላስበው ሞቱብኝ» የሚል ሰው ነው የሚጫወተው፤ ይህን አውቆ ደግሞ ማየት ይከብዳል። ስድስት ዓመት ታስሮ በ1971 መጨረሻ ተፈታ፤ ከተፈታ ዓመት ሳይሞላው፣ በ58 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ።

ቅጂውን በተመለከተ፣ ፊልሙ የቅጂ መብት ጥበቃ ስለሌለው ማንም እየገለበጠ ያወጣዋል፤ ብዙዎቹ ቅጂዎች የተበላሹት ለዚህ ነው። በ2018 የታደሰውን የ4ኬ (ምስሉ እጅግ ጥርት ያለ) ቅጂ ይፈልጉ።