የባትሪው ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን አንዲት አዲስ ተመራቂ «ጋሼ፣ የሶላር ስራ ያዋጣል?» አለችኝ። ያዋጣል ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጣና ዳር ካሉት መንደሮች ወደ አንዷ የሶላር መብራት ልንተክል ፓነሉንም ባትሪውንም በጀልባ ጭነን ሄድን። ሁለት ቀን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ዋልን። ማታ አምፖሉ ሲበራ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ አደርኩ። በማግስቱ የባትሪውን አያያዝ ማሳየት ነበረብኝ። ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና እንዴት እንደሚሆን የምታውቁት ነው፣ ጀልባ ነጂውም «ኧረ እንቅደም!» እያለ ይጣራል። ልሳፈር ስል አንዲት እናት መቀነታቸውን እያጠበቁ መጡና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ወፍጮ ያዞራል?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ለመብራት ብቻ ነው» ብዬ ዘልዬ ገባሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ አንዱ ፓነል ከጣሪያ ወርዶ በርበሬ ተሰጥቶበታል። የባትሪውን ክዳን ከፈትኩት፣ ውስጡ ደፍርሷል። የእርሳስ ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። እሱን ማን ነግሯቸው? ሲደርቅባቸው ከሐይቁ ቀድተው ሞሉት። እማማም እህላቸውን በአህያ ጭነው ናፍጣ ወፍጮ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ።

እኔ ያልሰጠኋቸውም ያንኑ ግማሽ ቀን ነው።

ልጅ ሆኜ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰራተኞች ሽፍት ሲቀይሩ መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር። በ1950ዎቹ ፋብሪካው ሲተከል ጢስ ዓባይ ላይ የመብራት ኃይል ማመንጫ ተሰራለት። ኃይሉ ሲመጣ ስራው ቆሞ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። እኛ በዚያች መንደር የወሰድነው አምፖል ብቻ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ይሄው ሐይቅ 460 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ጣና በለስ ውሃ ይሰጣል፣ ዳር ዳሩ ላይ ግን ዛሬም ያለ መብራት የሚያመሽ ሰው አለ። ይሄ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ስራ ከፈለጋችሁ ከሐይቁ ዳር ፎገራ ሜዳ ወርዳችሁ በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣውን ገበሬ ለነዳጅ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቁት። ውሃ በሚያስፈልገው ወቅት ፀሐይዋም ያኔ ነው የምትበረታው። የሶላር ፓምፕ ባትሪ እንኳ የግድ አይፈልግም፣ ቀን ቀን ሮቶውን መሙላት ነው።

የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ አፍጣችሁ መዋላችሁ አይጥመኝም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ደግሞ ባለፈው ወር የሰፈራችን ጎረምሳ የሞተ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረውን) ከዩቲዩብ እያየ አስነሳው። እኔ ያን ያህል ዘመን ሰርቼ ልነካው ፈርቼ ነበር። እንግዲህ ምን እላለሁ?

ልጄ፣ ቅዳሜ በደንብ ስላልመለስኩልሽ ነው የምጽፈው። ያዋጣል። ዛሬ በሶላር ወፍጮም ይዞራል፣ እማማ ግን አርፈዋል። አንቺ የመጀመሪያውን ስትተክዪ ጀልባው ይሂድ፣ እዚያው እደሪ። የባትሪውን ክዳን ራሳቸው ከፍተው፣ ውሃውን ራሳቸው ሞልተው እስክታዪ ድረስ።