በጣና ዳር የእንጨት ማረፊያ ለዮጋና ለሜዲቴሽን፦ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳርና ዘጌ አካባቢ ለዮጋና ለሜዲቴሽን የሚሆን የእንጨት ማረፊያ መሥራት የሚያስቡ በዝተዋል። ሥራዬ የእንጨት ቤት ነው፤ በሱ ዙሪያ ጠይቁኝ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እንጨት አፈር አይንካ።

የዓባይ ልጅ፦ ጋሼ፣ በብዛት የምናገኘው ባህር ዛፍ ነው። ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል ይሉኛል። ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። የሚጣመመው ዛሬ ተቆርጦ ነገ ስለሚመታ ነው። ባህር ዛፍ ሲያድግ ውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ሲቆረጥ ያ ይለቀቃል፣ በዚያ ላይ ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ይደርቅና ስንጥቁ ከጫፍ ይጀምራል። ስለዚህ በበጋ ቁረጡ። ጫፎቹን በዚያው ቀን በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ድፈኑ። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት፣ ነፋስ ይለፍበት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ለወለል የሚሆን ጣውላ ወራት ይፈልጋል፣ ክረምት ከመጣበት ደግሞ ይብሳል፤ “ቶሎ ጨርሱልን” የሚል ባለቤት ካለ አሁኑኑ ንገሩት። ሲደርቅ ስለሚጠነክር መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ብሱት፣ ከዚያ በብሎን እሰሩ። ሚስማር ብቻ አይበቃም።

ሜሮን፦ ለምስጥስ? የኛ አናጢ የቋሚውን እግር የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ መቅበር ነው ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አታድርጉ። የተቃጠለ ዘይት ዝናብ ሲመታው ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ሽታውም ሰው በጥልቅ የሚተነፍስበት አዳራሽ ውስጥ አይሆንም። ቋሚው በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እግር ላይ ይቁም፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። በእግሩና በእንጨቱ መሃል ዙሪያውን ወጣ ያለና ወደ ታች የታጠፈ የቆርቆሮ ቆብ ይግባ። ቆቡ ምስጥ አይገድልም። ግን ምስጡ በድብቅ መውጣት አይችልም፣ የጭቃ መንገዱን በውጭ በኩል ለመሥራት ይገደዳል፣ እናንተም አይታችሁ ታፈርሱታላችሁ። ለዚህ ደግሞ ከወለሉ ሥር ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያይበት ክፍተት ይኑር፤ ፍልጥ፣ ቅጠል፣ ካርቶን አይከማችበት።

ዳንኤል፦ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ስፋቱን፣ ቦታውንና የሰዉን ብዛት ሳላውቅ አልመልስም።

ሰላማዊት፦ ለ20 ሰው የሚሆን አዳራሽ ምን ያህል ይሁን? ጣሪያውስ?

መልስ፦ እንዲህ ይጠየቃል። ምንጣፉ 60 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጅ የሚዘረጋበት ሲጨመር ለአንድ ሰው 3 ካሬ ያዙ። ስለዚህ 60 ካሬ፣ መሃሉ ቋሚ የሌለው። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሁን፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ፊት ላይ አይመጣም። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች የቀኑ የሐይቅ ነፋስም በሰሜኑ መስኮት ይገባላችኋል። መስኮቱ ሁሉ ወንፊት ሽቦ ይኑረው፣ ወባ ያለበት አገር ነው። የጣሪያው ክፈፍ ከ1 ሜትር አይነስ። ዘጌ ሄዳችሁ ክብ አብያተ ክርስቲያናቱን እዩ፤ ጭቃና እንጨት የሆነ ግድግዳ ያን ሁሉ ክረምት የቻለው ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ስለሚወርድ ነው። ቆርቆሮ በሐምሌ ዝናብ ያደነቁራል፣ ስለዚህ ከሥሩ የአየር ክፍተት ትታችሁ የቀርከሃ ኮርኒስ ሥሩ። ቀርከሃው ከአዊ ይመጣል። ሦስት ዓመት ያልሞላው አይቆረጥ፣ ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ግን ገዳማት ባሉበት ሐይቅ ዮጋ ምን ይሠራል?

የጣናው፦ ጽሞናውን ከገዳማቱ መማር ስንችል ከውጭ ማምጣት ለምን አስፈለገ?

ሰላማዊት፦ ወገቤን ለማፍታታት ነው የምሠራው፣ እምነቴን አልቀየርኩም።

የጣናው፦ ለቱሪስት እንጂ ለኛ የሚሠራ የለም። መሬታችን እያለቀ ነው።

የዓባይ ልጅ፦ ለቱሪስት ቢሆንስ፣ አናጢውና ጀልባ ነጂው አይበላም?

መልስ፦ እባካችሁ እዚህ ይቁም። ግንባታን የሚመለከተው ይህ ነው፦ ገዳም አጠገብ ከሆነ ድምፅ ማጉያ አይታሰብ፣ ድንጋይ ከመጣላችሁ በፊት አባቶችንና ቀበሌውን አነጋግሩ።

ሀብታሙ፦ ግንቦት ላይ ያየነው ቦታ አለ። ከውኃው 10 ሜትር፣ ፊት ለፊቱ ደንገል ነው። ደንገሉን ጠርገን እይታውን ብንከፍትስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ሁለቱም። በግንቦትና በሰኔ ጣና ዝቅ ይላል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ልዩነቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል፣ ሜዳ በሆነ ዳርቻ ይህ ግቢያችሁ ውስጥ ይገባል። በመስከረም ሄዳችሁ እዩት፣ ካዩት በኋላ ራቁ። ደንገሉ ከላይ የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ይይዛል፣ ዓሣም ይራባበታል፣ ታንኳም ይሠራበታል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ፈቃዱን ከክፍያ በፊት ጠይቁ።

ሀብታሙ፦ ሽንት ቤቱስ? ጉድጓድ ቆፍረን ብንጨርስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ ስንት ገበሬ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። አረሙን የሚመግበው ወደ ውኃው የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፣ ያ ደግሞ ከማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን ከሽንት ቤትም ይመጣል። ዳርቻ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ሲመጣ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ሐይቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመሬት በላይ የተገነባ ደረቅ ሽንት ቤት፣ ሽንቱና ዓይነ ምድሩ የሚለይበት፣ አመድና ሰጋቱራ የሚጨመርበት። ሰጋቱራው ከራሳችሁ ግንባታ ይተርፋል። የመታጠቢያው ውኃ ሙዝ ወይም ሸንበቆ የተተከለበት ቦይ ውስጥ ይግባ። ይህን ካልቻላችሁ ዳርቻው ላይ አትሥሩ።

ዳንኤል፦ ግምት እንኳን፣ ወደ ስንት?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል።

ቢኒ፦ ቋሚውን በላስቲክ ጠቅልለን ብንቀብረውስ?

መልስ፦ አንብቡ እንጂ ወንድሜ! እንጨት አፈር አይንካ። ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ እንጨቱ ጭራሽ ቶሎ ይበሰብሳል።

ሜሮን፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። ወለሉን ዋንዛ ብናደርገውስ? ምንስ እንቀባው?

መልስ፦ ዋንዛ ውብ ነው፣ ግን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ደረሰኝና ፈቃድ የሌለው ዋንዛ ገበያ ላይ ካገኛችሁ አትግዙ። በደንብ የደረቀ ባህር ዛፍ ለወለል፣ ግራቪሊያ ለግድግዳ ይበቃችኋል። ቅባቱ የተልባ ዘይት ይሁን፣ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙት። ባዶ እግር አያንሸራትትም። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ፣ ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የቀረውን ነገ ማታ እመልሳለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁ እስከዚያ ስፋቱንና የሰዉን ብዛት ጻፉልኝ።