ጆሮውን ማከክ አላቆመም፣ ነጭ ሽንኩርት ልስጠው?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? ግቢ የሚጠብቅ ወንድ ውሻ አለኝ። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ጆሮውን ያካል፣ ጭንቅላቱን ሲያራግፍ ያድራል፣ ጠጋ ሲሉት ደግሞ ይሸታል። ጎረቤቴ ብርድ መቶት ነው ነጭ ሽንኩርት በዳቦ ስጪው አለችኝ። እና ለሱ የገዛሁትን የመዥገር መርጫ ድመቷንም ብረጫት ችግር አለው?
(ከሰሚት)

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ ይቅር። ለኛ ጉንፋን የምንፈልገው ነገር ለውሻና ለድመት መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሳል፣ ያውም የዛኑ ቀን ስለማይታይ ምንም አልሆነም ብለሽ ትደግሚለትና ከቀናት በኋላ ድዱ ነጥቶ ሽንቱ ቀልቶ ታገኚዋለሽ። ቀይ ሽንኩርትም ያው ነው፣ መብሰሉ አያድነውም፣ ስለዚህ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ትራፊ ፈትፍቶ መስጠት የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥ።

ወደ ጆሮው ስንመጣ ብርድ ሳይሆን እርጥበት ነው የሚመስለኝ። በተለይ ጆሮው ተንጠልጣይ ከሆነ ዝናብ ይገባና አየር ሳያገኝ እዛው ይሞቃል፣ ፈንገስና ባክቴሪያ ደግሞ ሌላ አይፈልጉም። ገልጠሽ እይው፣ ቡናማ ቅባት የመሰለ ነገርና ሽታ ካለ ኢንፌክሽን ነው፣ የቡና ዱቄት የመሰለ ደረቅ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ የጆሮ ቅማል ሊሆን ይችላል። በጥጥ እንጨት እንዳትጎረጉሪው፣ ዘይትም አልኮልም እንዳትጨምሪበት፣ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ የምትጨምሪው ነገር ውስጥ ገብቶ ሊያደነቁረው ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ጠብታ አይገዛም። ካንቺ የሚጠበቀው ዝናብ በመታው ቁጥር ጆሮውንና የጣቶቹን መሀል በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ቤቱንም እይው እስቲ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ከሆነ በብሎኬት ከፍ አድርጊው፣ ከስር ብርድ ልብስ ምናምን አታንጥፊ፣ ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ጭድ ይሻላል፣ ሲረጥብ ቶሎ ይቀየራል።

መርጫውን ግን በምንም ተአምር ድመቷ ላይ እንዳትሞክሪው! ለውሻ የሚሸጡት ብዙዎቹ ፔርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ አለባቸው፣ የድመት ጉበት ደግሞ እሱን ማጣራት አይችልም፣ ትንቀጠቀጣለች ከዛ ሊገላት ይችላል። ከተረጨች በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበሽ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰጃት። ውሻውን ስትረጪም እስኪደርቅ አብረው አይተኙ፣ ትልሰዋለቻ። ፓራሲታሞልም ለድመት አይሰጥም፣ አንድ ፍሬ ይገላታል።

ካነሳነው አይቀር መስከረም ሲጠባ የመስቀል ቅርጫ አለ። በሬው ሲበለት ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይ ጉበት ይገኝና "ለውሻው ጣሉለት" ይባላል፣ ሁሉም ሰፈር ያየሁት ነገር ነው። እሱ የቋጠረው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል እጭ ነው፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ልጆች ውሻውን ሲዳብሱ እጃቸው ላይ ይቀርና እነሱም ጉበትና ሳንባቸው ላይ ያው ፈሳሽ የቋጠረ እባጭ ያበቅላሉ። ለዓመታት ሳይታወቅ ሊያድግ ይችላል፣ አንዳንዴም በኦፕሬሽን ነው የሚወጣው። ጥልቅ አድርጎ መቅበር ወይ ማቃጠል ነው፣ ለውሻው የምትሰጪው ሁሉ ይቀቀል። የትል መድኃኒት ስትገዢ ፕራዚኳንቴል ያለበትን በይ፣ ተራው የወስፋት መድኃኒት ይሄን አይነካም።

ጥያቄ፦ ዶክ ቡችላዬ ደም እያስቀመጠውና እያስመለሰው በሦስት ቀን ሞተብኝ፣ ፓርቮ ነው አሉኝ። ልጆቹ ሌላ እያሉ ነው፣ አሁኑኑ ላምጣ?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ። አሁኑኑ አታምጣ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት አንዳንዴም እስከ ዓመት ይቆያል። ሲሚንቶውንና ሳህኑን መጀመሪያ በሳሙና እጠብ፣ ከዛ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠህ አፍስስና 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ጭቃው ላይ ግን በረኪና አይሠራም። ስለዚህ የሚመጣው ቡችላ ክትባቱን የጨረሰ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ሻጩ "ተከትቧል" ሲል አንዴ ማለቱ ነው። ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍበት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተጀምሮ በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይሰጣል። ካርዱን ሳታይ ብር አትክፈል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም እዛው ላይ መጻፉን እይ።